የገብረ ጻድቅ ስንቅ

ጋሽ ተክለሃይማኖት ዕድሜያቸውን በር ሲዘጉ የኖሩ ሰው ናቸው። የትምህርት ቤት ዩኒት ሊደር ነበሩ። ጉለሌ ተምሮ ዛሬ ጎልማሳ የሆነ ሰው ሁሉ፣ እኔንም ጨምሮ፣ አንድ ቀን አርፍዶ በር ፊቱ ላይ ተዘግቶበት «ወላጅ አምጣ!» ተብሏል። እኔ ወላጅ ማምጣቱ ሲበዛብኝ ትምህርቱን ትቼ አዲሱ ገበያ ጎሚስታ ሆንኩ። ቂም የለኝም። ጎማ የፈነዳበት ሰው አርፍደሃል አይለኝም፤ ስላገኘኝ ያመሰግነኛል።

ጡረታ ሲወጡ የሚዘጉት በር አጡና የማኅበራችን ሙሴ ሆኑ። ሙሴ የምንለው የማኅበሩን አለቃ ነው። ማኅበራችን የቁስቋም ነው፤ ወር በገባ በስድስት ይጠጣል። ጽዋው በተራ ከቤት ቤት ይዞራል። ዳቦው ከመቆረሱ በፊት የንስሐ አባታችን መምሬ ያዕቆብ «ስም ያላችሁ» ይላሉ። የታመመ ወይም መንገድ የሄደ ሰው ያለን የክርስትና ስሙን እንናገራለን፤ እሳቸው ይጠራሉ፣ እኛ «እግዚኦ» እንላለን። የክርስትና ስም የቤት ገመና ስለሆነ ማን የማን እንደሆነ ብዙ ጊዜ አናውቅም። እግዚአብሔር ያውቃል ብለን አንጠይቅም።

በሰሜን ጦርነቱ ሲጀመር ስሙ በዛ። የጋሽ ተክለሃይማኖት ልጅ መሳይም ዘመተ። አንድ ልጅ ነው፤ እናቱ ሞታለች። የክርስትና ስሙ ወልደ ሰንበት ነው። አንድ ወር መምሬ ያዕቆብ ስሙ በዝቶባቸው ወልደ ሰንበትን ዘለሉት። ጋሽ ተክለሃይማኖት ዳቦውን አስቁመው እዚያው ደንብ አወጡ።

«አንዴ የተጠራ ስም፣ ባለቤቱ ወይ ቤቱ እስኪገባ፣ ወይ አፈር እስኪገባ አይዘለልም።»

ሁላችንም ጽዋውን ነክተን ተስማማን። አልተሰማኝም ብለው አንዴ አስደገሙን።

ከዚያ ወዲህ ስም ተጠርቶ ሲያልቅ ከራሳቸው አንድ ነገር ይጨምሩ ጀመር፦ «ጠላቶቻቸውንም ከእግራቸው በታች ጣልልን!» እኛም «አሜን» እንላለን። አሜን የለመደ አፍ ጆሮን አይጠብቅም። እትዬ ዓለሜ ብቻ ናቸው ዝም የሚሉት። እትዬ ዓለሜ አዲሱ ገበያ ሽንኩርት ቸርቻሪ ናቸው፤ ከጋሽ ተክለሃይማኖት ጋር አብረው ነው ያደጉት።

«ዓለሜ፣ አሜን በይ እንጂ» ይሏቸዋል።

«ጠላ አፌ ውስጥ ነው።»

«ክርስቲያን አገሩ ስትደፈር ዝም ይበል ነው የምትይው? ጊዮርጊስ ራሱ ጦር ይዞ አይደል የሚሳለው?»

«ጊዮርጊስ የወጋው ዘንዶ ነው ተክሌ። የዘንዶ እናት ማኅበር ስትጠጣ አይተሃል?»

«ዳዊትስ?»

«ዳዊት ቤተ መቅደስ ልሥራ ሲል ምን ተባለ? እጅህ ደም አለበት፣ ልጅህ ይሥራው ተባለ።»

«ሚካኤልስ? ያ ሁሉ ሰይፍ ለጌጥ ነው?»

«ሚካኤልን ተወው፣ እሱ እናት የለችውም። ይልቅ የተቀመጥክበት ማኅበር የማን እንደሆነ ረሳኸው? ቁስቋም እኮ እመቤታችን ልጇን ከሄሮድስ ወታደር አሽሽታ ያረፈችበት ነው።»

«ሄሮድስ ሌላ ነው!»

«ሁሉም ሰው ሄሮድስ ሌላ ነው የሚለው።»

በዚህ ዓይነት የሰማይ ሠራዊት አንድ በአንድ ተጠርቶ ሲያልቅ ጠላውም ያልቅና እንበተናለን። ማንም ማንንም አሳምኖ አያውቅም። እኔም በሁለቱም እስማማ ነበር፤ የሚናገረውን ሰው እያየሁ።

ከማኅበርተኞቹ መካከል ሰምሀል አለች። ከቁስቋም ቁልቁል ሲወረድ ፀጉር ቤት ያላት ናት። ያደገችው ትግራይ ነው፤ እናቷም እዚያው ናቸው። በጦርነቱ ስልኩ ከተቆረጠ በኋላ ድምፃቸውን ሰምታ አታውቅም። እሷም በዚያው ሰሞን መምሬ ያዕቆብ «ስም ያላችሁ» ሲሉ ቀስ ብላ «ገብረ ጻድቅ» ማለት ጀመረች። እኛም ቀስ ሳንል «እግዚኦ» አልን። ወራት እንዲህ አለፉ። ጋሽ ተክለሃይማኖት በተለይ በስሙ ደስ ብሏቸው ነበር፤ ስግደቱን አብዝተው «በርታ ገብረ ጻድቅ» ሲሉ በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

በሁለተኛው ዓመት ጥቅምት ላይ አገሩ ሁሉ ለዘማች ስንቅ ያዘጋጅ ነበር። ሙሴያችንም ማኅበሩ ወደ ኋላ አይቀርም ብለው ወሰኑ። የጥቅምት ተራ የእትዬ ዓለሜ ስለነበር ዳቦ ቆሎው እሳቸው ቤት ተጠበሰ። ዋናዋ ጠባሽ እትዬ ዓለሜ ራሳቸው ነበሩ።

«ጦርነቱን አልደግፍም ስትዪ አልነበር?» አሏቸው ጋሽ ተክለሃይማኖት፣ ድል እንዳደረገ ሰው።

«ረሃቡንም አልደግፍም። እሳቱን አራግብ።»

ጋሽ ተክለሃይማኖት ከአቡጀዲ ከረጢት አሰፍተው በእያንዳንዱ ላይ የአንድ ዘማች የክርስትና ስም በወፍራም ቀለም ጻፉ። መምሬ ያዕቆብ ሁሉንም ባርከው፣ ጽዋ ቀምሰው ወደ ቤተ ክርስቲያናቸው ሄዱ። ከረጢቶቹን ወደ ሰሜን የሚወስደው ገለታ የሚባል የአይሱዙ ሹፌር ነው። ጋሽ ተክለሃይማኖት የየአንዳንዱን ክፍለ ጦር እየጠየቁ ከስሙ ሥር ሲጽፉ ሰምሀል ዘንድ ደረሱ።

«የገብረ ጻድቅ ክፍለ ጦር የት ነው ልጄ?»

ሰምሀል በዙሪያዋ ያለነውን አየች።

«ምስጢር ከሆነ በጆሮዬ ንገሪኝ።»

«ከዚያ ነው ጋሼ።»

«ከየት?»

«ከዚያ… ከማዶ።»

«ማዶ ማለት ከወሎ በኩል ነው?»

«ከዚያ ማለት ከዚያ ነው ተክሌ» አሉ እትዬ ዓለሜ። «ካርታ ላምጣልህ?»

ጋሽ ተክለሃይማኖት ከረጢቱን በእጃቸው እንደያዙ ቀሩ። ሰምሀል መሬት መሬት እያየች፣ ስልኩ ሳይቆረጥ በመጨረሻው ቀን እናቷ «ወንድምሽ ወጥቷል» እንዳሏት፣ የት እንዳለ፣ ይኑር ይሙት እንደማታውቅ ተናገረች። በዚያ ሰሞን እንዲህ ያለ ወሬ ከቤት ከወጣ ወዴት እንደሚሄድ ሁላችንም እናውቅ ነበር። እትዬ ዓለሜ ተነስተው በሩን ዘጉ።

«እዚህ የተባለው እዚህ ይቀራል» አሉ። «አፉ የሚያሳክከው ካለ በርበሬ አለኝ።»

ጋሽ ተክለሃይማኖት አልጮሁም። ቢጮሁ ይሻለን ነበር። «እኔ ለዚያ ሰው ሰግጃለሁ» አሉ። «መሳይ ከመስቀል ወዲህ አልደወለም» አሉ ደግሞ። ከዚያ ኮታቸውን ለበሱ። «ለወረዳ የምናገር ሰው አይደለሁም። ግን ወይ ያ ስም ይነሳል፣ ወይ እኔ እነሳለሁ።»

የገብረ ጻድቅን ከረጢት ሳይለቁት ወጡ። ይዘውት መውጣታቸውን ያወቁት መንገድ ላይ ይመስለኛል።

ያን ቀን ጽዋው የሚተላለፈው ለሰምሀል ነበር፤ የኅዳር ተራ የሷ ነው። ኅዳር ስድስት ደግሞ የቁስቋም ዓመታዊ በዓል፣ የዓመቱ ትልቁ ቀናችን ነው። ሌላ ጊዜ ሙሴው እየዘመሩ ይመራሉ። አሁን የሚመራ ስለሌለ እትዬ ዓለሜ ጽዋውን በነጠላቸው ሸፍነው እጇ ላይ አኖሩት። «ተራሽ ነው፤ አትንቀጥቀጪ፣ ይፈስሳል።»

በማግስቱ ጋሽ ተክለሃይማኖት ሱቄ በር ላይ ቆሙ። «እጅህን ታጠብ። ምስክር ያስፈልገኛል» ብለው ወደ ቁስቋም ይዘውኝ ወጡ። መምሬ ያዕቆብን ከጽዱ ሥር ተቀምጠው አገኘናቸው።

«መምሬ፣ በስሕተት የተጸለየ ጸሎት ይሰረዛል ወይ?»

«በስሕተት ሲባል?»

«ለማይገባው ሰው የተጸለየ።»

«ለሚገባው ሰው የተጸለየ አለ እንዴ?»

«እባክዎ አይቀልዱ። ይህን ሁሉ ወር ጠብቀው፣ ከጥይት ሰውረው ስንል ኖረናል። ጉልበቴ እስኪላጥ ሰግጃለሁ። ጸሎታችን ተሰምቶ ቢሆንስ?»

«እንግዲያ እግዚአብሔር ይመስገን።»

«መምሬ! የተጠበቀው ሰው እኮ የሚተኩሰው ልጄ ላይ ነው!»

መምሬ ያዕቆብ መቋሚያቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋደሙ። ቁልቁል ከተማዋን አዩ።

«ስማ ተክለሃይማኖት። ይህ ጦርነት ለክርስቲያን ይገባል አይገባም ብለህ ጠይቀኸኝ አታውቅም።»

«እንደሚገባ ስለማውቅ ነዋ።»

«እኔ እንዳንተ አላውቅም። አገር አይጠበቅ አልልም። ልጆቹ ሲሄዱ መስቀል አሳልሜ የሸኘሁ እኔ ነኝ። በሰላም ግቡ ነው ያልኳቸው፤ ግደሉ አላልኩም። እነሱ ግን ምን እንደሰሙ እንጃ። አንዳንድ ቀን እሱን ሳስብ መስቀሉ እጄ ላይ ይከብደኛል።» ከዚያ «መሳይ ሲመለስ ወደኔ ላከው» አሉ።

«ለቡራኬ?»

«ለንስሐ።»

«ጀግና ምን አጥፍቶ ነው ንስሐ የሚገባው?»

«ከጦር ሜዳ የተመለሰ ሰው ስናዝዝ ብዙ ዘመኔ ነው። ጀግና ሆኖ የተናዘዘኝ አንድም የለም። ጀግንነቱን ከጫማው ጋር በር ላይ አውልቆት ነው የሚገባው። የሚያለቅሰውም ስለ ገደለው ሰው ነው።»

ጋሽ ተክለሃይማኖት ጫማቸውን አዩ። እኔም የራሴን አየሁ፤ ግሪስ ነበረበት።

«እሺ፤ የዚያን ልጅ ስምስ ያስቀሩታል?»

«እኔ የሰጣችሁኝን ስም እጠራለሁ። ደንቡ የማኅበራችሁ ነው። ደንቡን ያወጣው ሰው ደግሞ ማን እንደሆነ አንተ ታውቃለህ።»

ቁልቁለቱን ግማሽ መንገድ ወረድን። ከዚያ ቆም ብለው «ደንብ ሲወጣ ሰው ሁሉን አያስብም» አሉ።

«አያስብም ጋሼ።»

«'ልዩ ሁኔታ' የሚል አንቀጽ መጨመር ነበረብኝ።»

ገለታ ሌሎቹን ከረጢቶች ጭኖ ሄደ። የገብረ ጻድቅ ግን ጋሽ ተክለሃይማኖት ቤት ቀረ። የተባረከ ስለሆነ አይጣልም፣ የሰው ስም ስላለበት አይበላም፣ የሚላክበት መንገድ ደግሞ የለም። እትዬ ዓለሜ ሊጠይቋቸው ገብተው ሲወጡ ሱቄ በር ላይ ቆመው ነገሩኝ፦ «ሶፋው ላይ እንደ እንግዳ አስቀምጦታል። እሱ ራሱ ዱካ ላይ ነው። ሬዲዮ ይሰማሉ፣ ሁለቱም።»

በዓሉ ሲቃረብ ሰምሀል ወደ ሱቄ መጣች። ጎማ የላትም።

«ይመጣሉ?» አለችኝ።

«ጠላ ባለበት ሰው ጠፍቶ ያውቃል?»

«እየቀለድኩ አይደለም። ከማኅበራችን የነበሩ ደንበኞቼ እኮ ቀሩ። ጽዋ ተቀብዬ ሰው ካልመጣልኝ እዚህ ሰፈር ምን አደርጋለሁ? ቤቱን ለቅቄ እሄዳለሁ፤ የት እንደምሄድ ባላውቅም።»

ሰው ይመጣ እንደሆነ ለማወቅ አንድ መንገድ ብቻ ነበር። በበዓሉ ቀን ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ ኮቴን ለብሼ ሄድኩ።

እትዬ ዓለሜ ቀድመውኝ ደርሰዋል። መምሬ ያዕቆብም ነበሩ። ከዚያ አንድ ሁለት እያሉ ሌሎቹ ገቡ፤ ግማሹ በመንገዱ ሲያልፍ ድንገት ትዝ እንዳለው ሆኖ። የጽጌ ጾም የተፈታበት ቀን ነውና ቤቱ ዶሮ ዶሮ ይሸት ነበር። ሰምሀል ለሁሉም የሚበቃ ወንበር ከየጎረቤቱ ለምና ደርድራለች። የሙሴው ቦታ ባዶ ነው። ማንም እዚያ አልተቀመጠም፤ ማንም ከዚያ ላይ ዓይኑን አላነሳም። ተአምረ ማርያም ተነበበ። መምሬ ያዕቆብ መስቀላቸውን አንስተው «ስም ያላችሁ» ሊሉ ሲሉ የግቢው በር ተንኳኳ።

በበሩ ክፍተት ያየነው ጋሽ ተክለሃይማኖትን ነው። በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ አርፍደው፣ ያንን ከረጢት በሁለት እጃቸው አቅፈው ቆመዋል።

«ተዘግቷል!» ብለው ጮሁ እትዬ ዓለሜ ከተቀመጡበት። «ወላጅ አምጣ!»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። መምሬ ያዕቆብ ሳይቀሩ በመስቀላቸው አፋቸውን ሸፈኑ። ጋሽ ተክለሃይማኖት አልሳቁም፤ ሳቁ እስኪያልቅ በር ላይ ጠበቁ፣ ሰምሀል እጅ ነስታ ስታስገባቸው ገብተው ቦታቸው ላይ ተቀመጡ።

ስም መጥራት ተጀመረ። እያንዳንዱ የራሱን አለ። ጋሽ ተክለሃይማኖት «ወልደ ሰንበት» አሉ፣ «እግዚኦ» አልን። ሰምሀል ዘንድ ሲደርስ አንገቷን ደፍታ ነጠላዋን ታጥፋለች። ዝም አለች። መምሬ ያዕቆብ ትንሽ ጠበቁና መስቀሉን ወደ ዳቦው አዞሩ።

«አንድ ስም ቀርቷል» አሉ ጋሽ ተክለሃይማኖት።

ወደ ሰምሀል ዞሩ።

«ሰምሀል፣ ገብረ ጻድቅ ቤቱ ገብቷል?»

«አላውቅም ጋሼ።»

«አፈር ገብቷል?»

«አላውቅም።»

«እንግዲያ ይጠራል። ደንብ ነው።» ድምፃቸው የበር ላይ ድምፅ ነበር፤ ከዚያ ግን ዝቅ አለ። «እሱ ከተዘለለ፣ ነገ የኔም ሊዘለል ነው።»

መምሬ ያዕቆብ «ገብረ ጻድቅ» አሉ። «እግዚኦ» አልን። ከዚያ እንደ ወትሮው ጋሽ ተክለሃይማኖት የሚጨምሩትን ጠበቅን፤ አፋችን ለአሜን ተከፍቶ ነበር። ስለ ጠላት፣ ስለ እግር፣ ስለ በታች ምንም አልመጣም። በዚያ ዝምታ መሀል አንድ ሰው ብቻ «አሜን» አለ፤ እትዬ ዓለሜ ነበሩ።

ዳቦው ተቆርሶ ሰው ወሬ ሲጀምር ከረጢቱን ለሰምሀል ሰጧት።

«አደራ ነው። መንገድ ሲከፈት ትልኪለታለሽ።»

«ይደርቃል እኮ ጋሼ።»

«ዳቦ ቆሎ ነው፤ ሊደርቅ ነው የተሠራው።» ከዚያ «ሐሳቤን የቀየርኩ እንዳይመስልሽ» አሉ።

«አይመስለኝም።»

«ልጄ እዚያ ነው።»

«አውቃለሁ ጋሼ። ወንድሜም እዚያ ነው።»

ጠላቸውን ተጎነጩ። «የዓለም ስሙ ማን ነው?»

«ክፍሎም።»

«ትምህርት ቤት ያረፍድ ነበር?»

«ሁልጊዜ።»

ጋሽ ተክለሃይማኖት ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ልጁን አሁን እንዳወቁት ሁሉ።

ሰምሀል ቤቱን አልለቀቀችም። ከረጢቱ ፀጉር ቤቷ ውስጥ ከመስታወቱ በላይ ተሰቀለ። ማን እንደሆነ የጠየቀ ደንበኛ «መንገደኛ ነው» ይባላል።

ዓመት ካለፈ በኋላ ጦርነቱ ቆመ። መሳይ ከስቶ ተመለሰ። ጋሽ ተክለሃይማኖት በመጀመሪያው እሑድ ቁስቋም ወሰዱት። ከመምሬ ያዕቆብ ጋር ምን እንደተነጋገሩ አላውቅም፤ የንስሐ ነገር ነው። የማውቀው ጋሽ ተክለሃይማኖት የልጃቸውን ጫማ በእጃቸው ይዘው ደጀ ሰላሙ ላይ ሲጠብቁ ማየቴን ነው። ረጅም ሰዓት ነበር። ጫማውን መሬት አላስቀመጡትም።

ስልክም ተከፈተ። ሰምሀል የእናቷን ድምፅ የሰማች ቀን ፀጉር ቤቷን ክፍት ትታ ነው የሮጠችው። የሮጠችው ወደ ጋሽ ተክለሃይማኖት ነው፤ እኔ ጎማ ስሞላ ባጠገቤ ስታልፍ ጊዜ ተከትያት ሄድኩ።

«ገብረ ጻድቅ አለ!» አለች በር ላይ።

«ቤቱ ገብቷል?»

«ገብቷል!»

ጋሽ ተክለሃይማኖት ከመቀመጫቸው ተነሱ። «እንግዲህ በደንቡ መሠረት ስሙ ይነሳል።»

ሰምሀል ፊቷ ትንሽ ጠቆረ። «ጋሼ… አይተኛም ብላኛለች እናቴ። ሌሊቱን ሙሉ በር ላይ ተቀምጦ ነው የሚያነጋው።»

ጋሽ ተክለሃይማኖት ወደ ውስጠኛው ክፍል አዩ። መሳይ እዚያ በጠራራ ፀሐይ መጋረጃ ዘግቶ ነቅቶ ተጋድሟል።

«ገና አልገባም ማለት ነዋ» አሉ ቀስ ብለው። «የኔም አልገባም።»

ስለዚህ ስማቸው መጠራቱን ቀጠለ፤ ወልደ ሰንበትና ገብረ ጻድቅ፣ አንዱ ከሌላው ጎን። ዳቦ ቆሎው ተልኮ ደረሰ፤ ክፍሎም ጥርሴን ሊሰብረኝ ነበር ብሎ አመስግኗል።

ባለፈው ስድስት ተራው የጋሽ ተክለሃይማኖት ነበር። ስም ተጠርቶ፣ ዳቦ ተቆርሶ፣ ጠላው ሁለተኛ ዙር ሲዞር መሳይ ከውስጥ ወጣ፤ ግማሽ ፊቱ ላይ የትራስ ስፌት ታትሞበታል።

«ይቅርታ አባዬ» አለ ዓይኑን እያሸ። «እንቅልፍ ጥሎኝ ነው።»

እትዬ ዓለሜ አፋቸውን ከፈቱ፤ የሚሉትን ሁላችንም አውቀነዋል። ጋሽ ተክለሃይማኖት እጃቸውን አንስተው አስቆሟቸው። ተነሱና ለልጃቸው የራሳቸውን ወንበር ሳቡለት።

«ግባ» አሉት። «ገና ነው። አላረፈድክም።»